ሻጋታን ቀለም አይሸፍነውም

አንዲት የዚህ ዓምድ አንባቢ የላኩልን ደብዳቤ ከፊቴ ተዘርግቷል። ጸሐፊዋ በአዲስ አበባ ከተማ ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ እመቤት ናቸው። ደብዳቤያቸው ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር በመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ በተለይም ከቁም ሣጥኑ ጀርባና በአልጋው ራስጌ በኩል ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። በበረኪና ያጥቡታል፤ ይጠፋል። ቀለም ያስቀቡታል፤ ያምራል። ነሐሴ ሳይጋመስ ግን እንደ ገና ብቅ ይላል። አከራያቸው መጥተው አዩና «ይህ የእናንተ ጥፋት ነው፤ ቤቱን ዘግታችሁ እያፈናችሁት ነው» ብለው ሄዱ። እሳቸው ደግሞ «ጥፋቱ የቤቱ ነው፤ ግድግዳው ውሃ ይስባል» ይላሉ። በዚህ ክርክር መካከል የአራት ዓመት ልጃቸው ሌሊት ሌሊት ስትስል ታድራለች። «ከሁለታችን እውነቱ የማን ነው? ልጄንስ ምን ላድርጋት?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልሱን ከመጻፌ በፊት የራሴን ስሕተት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ በተከራየነው ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በማይነካው ግድግዳ ማዕዘን ላይ ይኸው ጥቁር ነጠብጣብ ወጣብን። እንግዶች ሊመጡብን ስለ ነበር ነገሩን በችኮላ ለመሸፈን አሰብሁ። ቀለም ሻጩ «የዘይት ቀለም ይውሰዱ፤ ውሃ አያሳልፍም» አለኝ፤ እኔም አመንሁትና ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ግድግዳው እንደ ሸክላ ሳህን አብረቀረቀ። እንግዶቹም አመሰገኑኝ። በአምስተኛው ሳምንት ግን ቀለሙ እሳት እንደ ነካው ቆዳ ውሃ ቋጠረ። በጣቴ ጫን ባደረግሁት ጊዜ ፈነዳና ውሃው በእጄ ላይ ወረደ፤ ከበስተ ጀርባውም ያው ጥቁር ነገር ከበፊቱ በዝቶ ተቀምጧል። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ለሠርጌ ቀን የለበስሁትን ሱፍ አወጣችው፤ በኮቱ ብብት ሥር አረንጓዴ ጢም አብቅሏል። ቀለም ሻጩ አልዋሸኝም። ቀለሙ በእርግጥ ውሃ አያሳልፍም፤ በግድግዳው ውስጥ ያለውም ውሃ መውጫ አጣ።

ይህን ስሕተት የምንሠራ እኛ ብቻ አይደለንም። በሰሜን እንግሊዝ አገር፣ ከማንቸስተር አጠገብ ሮችዴል በምትባል ከተማ፣ ከሱዳን የመጡ ባልና ሚስት በአንዲት ባለ አንድ መኝታ ቤት ይኖሩ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 አባትየው በቤቱ ውስጥ ሻጋታ መውጣቱን ለአከራዮቹ ቢያመለክት የተሰጠው መልስ «ቀለም ቀባበት» የሚል ነበር። ቀባ፤ ተመልሶ መጣ። ቆየት ብሎም የቤቱ አስተዳዳሪዎች እርጥበቱን ያመጣው የቤተሰቡ አኗኗር ነው ብለው ገመቱ። አዋብ ኢስሃቅ የተባለው ልጃቸው በዚያ ቤት ውስጥ አደገና ሁለት ዓመት እንደ ሞላው በ2020 በታኅሣሥ ወር ሞተ። የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረችው ዳኛ በ2022 ፍርዷን ስትሰጥ፣ ልጁን የገደለው ለረጅም ጊዜ ከሻጋታ ጋር በመኖሩ ያገኘው የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው አለች። በሚቀጥለው ዓመት የአገሩ ምክር ቤት፣ የማኅበራዊ ቤቶች አከራዮች እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲደርሳቸው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መርምረው እንዲያድሱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም በሕፃኑ ስም «የአዋብ ሕግ» ይባላል።

ይህን ያመጣሁት ወላጆችን ለማስደንገጥ አይደለም። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ቤት ሁሉ ልጅ ይገድላል ማለት ከእውነት የራቀ ነው። ነገር ግን የሮችዴሉ ክርክርና የደብዳቤ ጸሐፊያችን ክርክር አንድ ዓይነት መሆኑን ተመልከቱ። በዚያም ሆነ በዚህ፣ ሰዎቹ «ጥፋቱ የማን ነው?» እያሉ ሲከራከሩ «ውሃው ከየት መጣ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ጠፋ።

ለመሆኑ ሻጋታ ምንድር ነው? እንጀራ በመሶብ ውስጥ ሲሰነብት የሚይዘው፣ ዳቦንና ሎሚን የሚያለብሰው፣ የጫማ ቆዳን የሚወርሰው ሁሉ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው፤ እንጉዳይም ዘመዳቸው ነው። ዘሩ ለዓይን የማይታይ ትቢያ ሆኖ በአየር ውስጥ ይንሳፈፋል። በድኻውም ቤት በሀብታሙም ቤት ስለሚገባ፣ ዘሩን ጨርሶ ከቤት ለማስወጣት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ምግቡም አያስቸግረውም፤ ወረቀት፣ እንጨት፣ ጭድ፣ ቆዳ፣ ቀለም፣ በግድግዳ ላይ ያረፈ አቧራ እንኳ ይበቃዋል። የሚጎድለው አንድ ነገር ውሃ ብቻ ነው። አንድ ነገር ርሶ ሳይደርቅ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከቆየ ሻጋታው ሥራውን ይጀምራል። (ወገኑን በሙሉ ግን እንዳንረግም፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ለንደን ላይ ፔኒሲሊንን ያገኘው ከሻጋታ መሆኑን እናስታውስ።)

ስለ ጤና የሚባለውን በአጭሩ ልናገር። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ስለ ቤት እርጥበትና ስለ ሻጋታ አንድ መመሪያ አውጥቷል። እርጥብና ሻጋታ በበዛበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ሳል፣ የአተነፋፈስ መታፈንና አስም እንደሚበረታባቸው በዚያ ውስጥ ተጽፏል። ማስነጠስና የዓይን ማሳከክም የተለመደ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና ቀድሞውንም አስም ያለባቸው ናቸው። «ጥቁሩ መርዝ ነው፤ አረንጓዴው ምንም አይልም» የሚለው ወሬ ግን አይታመንም፤ በቀለሙ ብቻ ክፉውን ከደጉ መለየት አይቻልም።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። ወደ ግድግዳ የሚመጣ ውሃ ሦስት በር አለው።

አንደኛው ከሥር ነው። ቤቱ ሲሠራ በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ውሃ የሚከለክል ነገር ካልተደረገ፣ ወይም በውጭ በኩል አፈር ተከምሮ ከቤቱ ወለል በላይ ከሆነ፣ ግድግዳው ላምባ እንደሚስብ የፋኖስ ክር የመሬቱን ውሃ ወደ ላይ ይስባል። ምልክቱ ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ የሚደርስ እርጥብ መቀነት ነው። ውሃው ሲደርቅ ዱቄት የሚመስል ነጭ ነገር ትቶ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው ይህን ሻጋታ ይለዋል፤ እርሱ ግን ከአፈርና ከሲሚንቶ የወጣ ጨው ነው።

ሁለተኛው ከላይ ነው። የዛገ ቆርቆሮ፣ የላላ ሚስማር፣ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ፣ በፎቅ ቤት ደግሞ የላይኛው ጎረቤት የሚያፈስ መታጠቢያ ቤት። ይህ ከዝናቡ ጋር ይመጣል፤ ከዝናቡ ጋር ይሄዳል። በኮርኒሱ ላይ እንደ ቡና እድፍ ያለ ቡናማ ክብ የሚሥለው እርሱ ነው። ጎረቤቱ ከሆነ ግን ዝናብን አይጠብቅም።

ሦስተኛውን በር ብዙ ሰው አያስበውም፤ ውሃውን የምናመጣው ራሳችን ነንና። ከማቀዝቀዣ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ላብ ያወጣል፤ ያ ውሃ ከአየሩ የመጣ እንጂ ከጠርሙሱ የወጣ አይደለም። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ሸክሙን ይጥላል። የሙቀቱ መጠን 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን የሚይዘው 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የክረምቷ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ግድግዳውም እንደ ጠርሙሱ ይቀዘቅዛል። በውስጥ ደግሞ ምጣዱ ይተናል፣ ጀበናው ይፈላል፣ የታጠበው ልብስ ከውጭ ስለማይደርቅ በወንበር መደገፊያ ላይ ይሰጣል። ሁለት ሰዎች ተኝተው ሲያድሩ እንኳ በትንፋሻቸውና በላባቸው ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይለቃሉ። ይህ ሁሉ ሲደመር ወዴት ይሄዳል? አየር ወደማይንቀሳቀስበትና ብርዱ ወደሚበረታበት ቦታ ነው፤ ይኸውም የግድግዳ ማዕዘን፣ የቁም ሣጥን ጀርባና የአልጋ ራስጌ ነው።

ደብዳቤ ጸሐፊያችን የነገሩን ቦታ በትክክል ይኸው በመሆኑ ጥርጣሬዬ ወደ ሦስተኛው በር ያዘነብላል። ግን ከሩቅ ሆኖ መፍረድ አይገባም፤ ደግሞም የሚፈርድ ርካሽ ዳኛ አለ። ምግብ ከሚጠቀለልበት የብር ወረቀት፣ ማለት ፎይል ከሚባለው፣ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ቁረጡ። ግድግዳውን በደረቅ ቀን ጥረጉና ወረቀቱን በላዩ ዘርግታችሁ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ አድርጋችሁ በፕላስተር ለጥፉት። ሁለት ቀን ተዉት። በሦስተኛው ቀን ተመልከቱት። ወረቀቱ በክፍሉ በኩል ጤዛ ካወጣ ውሃው ከቤት ውስጥ አየር የመጣ ነው። ወረቀቱን ስታነሡት ከበስተ ጀርባው ርሶ ከተገኘ ግን ውሃው ከግድግዳው የመጣ ነው። በሁለቱም በኩል የሚረጥብበት ጊዜም አለ፤ እንግዲያውስ በሮቹ ሁለት ናቸው ማለት ነው።

ስለ ክርክሩ ያለኝን አስተያየት እነሆ። ጀርባው ከራሰ ጥገናው የአከራዩ ነው፤ ተከራይ የሰው ቤት መሠረት ሊቆፍር ወይም ጣራ ሊያነሣ አይችልም። ፊቱ ከራሰ ደግሞ አከራዩ «ይኸው፤ ብያችሁ ነበር» ብለው እንዳይቸኩሉ እለምናለሁ። አምስት ሰው በሁለት ክፍል ሲኖር መተንፈሱንና ወጥ መሥራቱን ሊተው አይችልም። አንዲት የእጅ መሐረብ የምታህል መስኮት ብቻ ያለው፣ የማብሰያው እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ የሌለው ቤት ሠርቶ ማከራየት በራሱ ግማሹ ጥፋት ነው። ከላይ በኩል አንድ መተንፈሻ መክፈት ከየዓመቱ የቀለም ወጪ ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል።

እኛ ተከራዮችስ? እዚህ ላይ የማልወደውን ነገር መናገር አለብኝ፤ እናቴም ብታነብበው አትወድልኝም። እኛ ነፋስ እንፈራለን። አውቶቡስ ውስጥ ሃምሳ ሰው ተፋፍጎ ላቡ እየወረደ አንዱ መስኮት ቢከፍት «ዝጋው፤ ነፋስ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ከአራት ማዕዘን ይነሣል። በቤትም እንደዚሁ ነው፤ ክረምት ሲገባ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ እንወትፋለን። እንግዲህ ሕፃኑን በነፋስ ፊት አስተኙት አልልም። ጠዋት ሁሉም ከአልጋ ከተነሣና ልብስ ከደረበ በኋላ ግን ፊት ለፊት ያሉትን በርና መስኮት ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። «ውጭው እየዘነበ እርጥበት አይገባምን?» ትሉኝ ይሆናል። የጠዋቱ የውጭ አየር ቀዝቃዛ ስለ ሆነ በውስጡ ያለው ውሃ ሌሊቱን ስትተነፍሱበት ካደራችሁት አየር ያነሰ ነው፤ ቤት ገብቶ ሲሞቅም እርጥበትን ይጠጣል። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፤ የሚቻል ከሆነም ፀሐይ በማይነካው የውጭ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በውስጠኛው ግድግዳ በኩል አስጠጉት። እንጀራ ሲጋገርና ልብስ ሲታጠብ የመኝታ ቤቱን በር ዝጉት። ፀሐይ ብልጭ ባለች ጊዜም ፍራሹንና ብርድ ልብሱን አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቱት፤ ይህን እንኳ አያቶቻችን ከእኛ የበለጠ ያውቁት ነበር።

አያቶቻችንን ካነሣሁ አይቀር፣ ሣር ቤታቸው ሻጋታን የሚቋቋምበት ብልሃት ነበረው። የክዳኑ ጫፍ እንደ ጃንጥላ ወደ ውጭ ወጣ ስለሚል ዝናቡ ግድግዳውን አይገርፈውም፤ ሣሩም ራሱ አየር ያስተነፍሳል። በመካከል የሚነደው እሳት ቤቱን ሲያደርቀው ይውላል። የጭሱ ዕዳ በእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ ላይ ወረደ እንጂ! ወደዚያ እንመለስ የሚል ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ቆርቆሮውን ስናመጣ የክዳኑን ጫፍ ማሳጠራችን ከብልሃት አይቆጠርም።

ቤት ለማድረቅ ብላችሁ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንድዱ። የከሰል ጢስ አይታይም፤ አይሸትም፤ ተኝቶ ያለን ቤተሰብ በሙሉ ይዞ ይሄዳል። የላምባ ምድጃም አያደርቅም፤ አንድ ሊትር ላምባ ሲነድ አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ወደ ክፍሉ ይለቃል። የሚያሞቅ መስሎ የሚያረጥብ እሳት ማለት ይህ ነው።

የወጣውን ሻጋታ እንዴት እናንሣው? ቦታው ከአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ በቤት ውስጥ ይሠራል። ልጆቹንና አስም ያለበትን ሰው አስወጡ፤ መስኮቱን ክፈቱ፤ የላስቲክ ጓንትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ። በደረቁ አትጥረጉት፤ ዘሩን በክፍሉ ሁሉ መበተን ይሆናል። በሳሙናና በውሃ በራሰ ጨርቅ አሽታችሁ አንሡት፤ ጨርቁን ጣሉት፤ ከዚያም ቦታውን አድርቁት፤ ካልደረቀ ሥራው አልተሠራም። በረኪና ለሴራሚክና ለመስታወት ይሆናል። በልስን ግድግዳ ላይ ግን ፊቱን ያነጣዋል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሥሩም እዚያው ይቀራል። ወይዘሮዋ «ይጠፋል፤ ተመልሶ ይመጣል» ያሉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ደግሞ ከቶ አይገባም፤ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ሻጋታ የዘለቀው ፍራሽና ካርቶን ቢታጠብም አይድንም፤ ይጣል።

ቤቱ የጭቃ ከሆነ በማጠብ አይሆንም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ላይ በቤት ግድግዳ ስለሚወጣ ደዌ የተጻፈ ሥርዐት አለ፤ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ወደ ግድግዳው የጠለቀ ነው ይላል፤ ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። በዚያ ሥርዐት ካህኑ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋዋል፤ ተመልሶም ያየዋል። ደዌው ሰፍቶ ከተገኘ የተያዙት ድንጋዮች ይወጣሉ፤ ልስኑ ተፍቆ ከከተማ ውጭ ይጣላል፤ በአዲስ ጭቃ ይመረጋል። ቀብቶ መሸፈን የሚባል ነገር በዚያ የለም። የዛሬም አናጢ ከዚህ የተሻለ ነገር አይነግራችሁም፤ ምርጉን እስከ ደረቁ ድረስ ፍቃችሁ አንሡ፤ የውሃውን በር ዝጉ፤ በበጋ አድርቃችሁ እንደ ገና ምረጉት። በላዩ የዘይት ቀለም ወይም የሲሚንቶ ልስን አትጫኑበት፤ ኖራ ቀቡት። ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል፤ ሻጋታም አይወደውም፤ ዋጋውም ቀላል ነው።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ልመለስ፣ እመቤቴ። ልጅዎን ሐኪም ያሳዩአት፤ ለሐኪሙም ስለ ግድግዳው ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ካልተነገረው ሳሉን የጉንፋን ብቻ አድርጎ ሊያየው ይችላል። አልጋዋን ከዚያ ግድግዳ ዛሬ ማታ ያርቁት፤ የቤት ዕቃው ተጨናንቆ ቦታ ቢጠፋ እንኳ ቁም ሣጥኑ ወደ ሳሎን ይውጣና የእርሷ አልጋ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ይሁን። የብር ወረቀቱን ሲለጥፉ አከራይዎን ጠርተው አብረው ቢለጥፉት፣ በሦስተኛውም ቀን አብረው ቢያነሡት መልካም ነው። ጀርባው ርሶ ቢገኝና አከራይዎ ዘንድሮም «ቀለም ልላክልዎ» ቢሉ፣ ቀለሙን ይቅርታ ጠይቀው ይመልሱና በምትኩ አሸንዳውን የሚጠርግና በግድግዳው ሥር ቦይ የሚቆፍር አንድ ሠራተኛ ይላኩልኝ ይበሏቸው።